ቀይ ክር የታሰረበት ካሴት

መስከረም 14

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ፣

ይህች ወረቀት እጅህ ስትገባ ጤናህ የተሟላ፣ እንቅልፍህ የጣፈጠ፣ ጌታም ከደጅህ ያልራቀ ይሁን። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ። ጉልበቴ ያጉረመርማል፣ እኔም አጉረመርምበታለሁ፣ ተስማምተን እንኖራለን።

ሆስፒታሉ ዛሬም አንሶላውን እየቀደደ ያመጣልኛል፣ እኔም እጠግናለሁ። ጠግኜ የጨረስኩት ጥግ ላይ እንደ ድሮው ቀይ ክር አስርበታለሁ። ነርሶቹ ቀይ ክር ካዩ ‹ይሄ ያለቀለት ነው፣ አንጥፉት› ይላሉ። ልጅ ሆነህ ከጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጠህ ክሩን በጥርስህ ትበጥስልኝ ነበር። አሁን መቀስ ገዝቻለሁ፤ እንዳንተ ግን አይታዘዝም።

ከምሳ በኋላ ወደ አጥንት ክፍል እወጣለሁ። እግራቸው በገመድ ተሰቅሎ፣ ጫፉ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎበት፣ ለወራት ጣሪያ የሚያዩ ሰዎች ናቸውና ከወንጌል አንድ ምዕራፍ አነብላቸዋለሁ። ሁሉም ይሰማሉ ብዬ አልዋሽህም። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አለ፣ መጽሐፉን ስከፍት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ባለፈው ‹እሜቴ፣ ይሄ ንባብ አጥንት ይቀጥላል?› አለኝ። ‹አጥንቱን ሐኪሙ ይቀጥልልሃል፣ እኔ ሌላ ስብራት ካለህ ብዬ ነው› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ ነው።

ካልከበደህ የጉሮሮ ከረሜላ ላክልኝ። ድምፄ ዘጋ ዘጋ ብሎኛል። የአንሶላ ብናኝ ነው፣ ምንም አይደለም።

ደግሞስ ስትሄድ የሰጠሁህን መጽሐፍ ትከፍተዋለህ? ወይስ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ልብስ ይጠብቅልሃል?

አክስትህ

ጥቅምት 11

ለእትዬ፣ ለእናቴ ምትክ፣

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ መንገድ አልፎ ጉልበትሽን ይሳምልኝ፤ ማጉረምረሙንም ያስታግስልኝ።

ከረሜላውን ልኬያለሁ። አገዛዙ ግን ለብቻው ታሪክ ነው። ‹ለጉሮሮ› ማለት ፈርቼ ለፋርማሲው ሰውዬ ጉሮሮዬን በጣቴ አሳየሁት። የታመምኩት እኔ መስዬው አፌን አስከፍቶ በመብራት አየኝ። ‹ጤነኛ ነህ› አለኝ በመጨረሻ። አንቺና እኔ ግን እናውቃለን፤ ያ መንተባተቤ ባሕር ተሻግሮ ተከትሎኝ መጥቷል። እዚህ ‹ጭምቱ› ይሉኛል። ትሑት መስያቸው ነው እኮ! አፌ እምቢ ስለሚለኝ ዝም እንደምል አያውቁም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ተቀምጫለሁ። በወረቀት ላይ ግን አየሽ፣ ማን ያስቆመኛል!

ሥራዬ ፍራሽ ፋብሪካ ነው፣ ጠርዝ እሰፋለሁ። ያንቺው ሙያ መሆኑ ነው፣ መርፌው ብቻ ክንዴን ያክላል። አንድ ነገር ግን ያስቅሻል። እዚህ ቀይ ክር የሚታሰረው እንከን በተገኘበት ፍራሽ ላይ ነው፤ ከበር አይወጣም፣ ይመለሳል። ያለቀለት ነጭ ክር ነው የሚታሰርበት። የመጀመሪያው ሳምንት ባንቺ ልማድ እንከናሙን ሁሉ መኪና ላይ ስጭን ፎርማኑ ራሱን ይዞ ጮኸ። አሁን እጄ ለመደች፤ ሳላስበው እንኳ ለተበላሸው ቀይ ታስራለች።

መጽሐፉ ደህና ነው። ገንዘብ ካስፈለገሽ ጻፊልኝ።

የወንድምሽ ልጅ

ኅዳር 6

ለልጄ፣

የሰማዩ አባት እጅ ራስህ ላይ ይሁን፣ ከዚያ ክንድ ከሚያክል መርፌም ይጠብቅህ።

ከረሜላው ደረሰኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግማሹን ሹፌሩ በላው። አኩርፎ ይበላል፣ ጉድ እኮ ነው። ‹መጽሐፉ ደህና ነው› ያልከውንም አይቻለሁ። የታመመ ዘመድ አስመሰልከው።

ልጄ፣ አሁን ተቀመጥ። ተቀምጠህ አንብብ። ብናኝ ነው ያልኩህ ብናኝ አይደለም። ጉሮሮዬ ውስጥ እብጠት ተገኝቷል። ሐኪሙ ለየካቲት መጀመሪያ ቀጥሮኛል፣ እብጠቱን ሲያወጣ ድምፄን አብሮ ይወስደዋል። ‹ትበያለሽ፣ ትተነፍሻለሽ፣ ትሠሪያለሽ፤ መናገር ግን አይኖርም› አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ የተንቀጠቀጠው እሱ ነበር። እኔ ወደ አንሶላ ክፍሌ ወርጄ የቀኑን ቅዳጅ እስክጨርስ አላለቀስኩም። ከጨረስኩ በኋላ ግን አለቀስኩ፣ ለምን እዋሽሃለሁ።

መርፌ ድምፅ አይፈልግም፣ ስለ እንጀራዬ አልሰጋም። የሚያስጨንቀኝ ያ ክፍል ነው። ከምሳ በኋላ ያ ሰዓት ባዶ ሲቀር ይታየኛል። ሲስተርን፣ የክፍሉን ኃላፊ ነርስ ማለቴ ነው፣ አስነበብኳት። ሁለት መስመር ሳትሄድ ከሦስት አልጋ ይጠሯታል። የካርድ ክፍሉን ሰውዬ አመጣሁ። ‹ቀጣይ ተረኛ› እንደሚለው አድርጎ ነው ወንጌሉን ያነበበው፣ አንዱ በሽተኛ ‹አቤት› አለ።

ስለዚህ ልለምንህ ነው፣ ገንዘብ አይደለም። ሲስተር ከቤቷ ቴፕ አምጥታልናለች። አንተ በካሴት አንብብልኝ። አንዲት ምዕራፍ ብቻ፤ ያ ሽባ ሰው በጣሪያ የወረደበትን። አልጋ ላይ ለተጣለ ሰው ከእሱ የሚቀርብ የለም። ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ግን ልጅ ሆነህ ከበሩ ኋላ ለብቻህ ስታነብ ቆሜ እሰማህ ነበር፤ ሰው ካላየህ ቃሉ ይወጣልህ ነበር።

አክስትህ፣ እስካሁን አፍ ያላት

ታኅሣሥ 3

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ያነበብኩት ፋብሪካው ጓሮ ቆሜ ነው። ስንት ቃል አለ ልልሽ የምፈልገው፣ ዛሬ ግን ብዕሩም እንደ አፌ ሆነብኝ። ጌታ ይማርሽ። ለሕክምናው ገንዘብ ልኬያለሁ፣ ካነሰ ንገሪኝ፣ ተበድሬም ቢሆን እልካለሁ።

ንባቡን ግን ተይኝ። ረሳሽው? ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ተራ በተራ ቆመን ያነበብን ቀን? ጌታ ሽባውን ‹ተነሣ› የሚልበት ቦታ ስደርስ ‹ተ፣ ተ፣ ተ› ብዬ ቀረሁ። አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። አስተማሪው ሳይቀር ጢሙን ይዞ ሳቀ። ያቺው ምዕራፍ ናት እኮ! ከምዕራፍ ሁሉ መርጠሽ መርጠሽ እሷን አመጣሽብኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሆዴን ሲበላኝ የኖረ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ፊት መጽሐፉን ከፍቼ አላውቅም፣ ውሎ አድሮ ብቻዬንም ተውኩት። እግዜር አፌን እንዲህ አድርጎ ሠርቶ ቃሉን አንብብ ካለኝ፣ እንግዲያው ራሱ ይናገር ብዬ አኮረፍኩ። በሽተኞቹ ላይ እንዲህ ያለ አፍ አልጭንባቸውም። ይበቃቸዋል ያለባቸው። ከፈለግሽ ደህና ድምፅ ያለው ሰው ቀጥሬ ላስነብብልሽ።

የሚወድሽ፣ አትቀየሚው

ታኅሣሥ 26

ለአኩራፊው ልጄ፣

ሰላም ብዬሃለሁ፣ ለዛሬ ይብቃህ።

ገንዘብህ ተመልሷል። ሆስፒታሉ የገዛ ሠራተኛውን ያክማል። ደህና ድምፅ ካማረኝ ደግሞ ሬዲዮ አለኝ።

ያን ቀን መች ረሳሁት? ከአዳራሹ ስትሮጥ አንድ ጫማህ ወልቆ ቀርቶ ነበር። አንስቼ በጉያዬ ይዤው የመጣሁት እኔ ነኝ። ምዕራፏንም የመረጥኳት ለዚያ ነው። የጠፋ ዕቃ የሚፈለገው ከጠፋበት ነው እንጂ ብርሃን ካለበት አይደለም።

በእግዜር ላይ ማኩረፍህ ግን እንዳንተ አላስደነገጠኝም። ሰው የሚያኮርፈው ከሚያውቀው ጋር ነው፣ መንገደኛ ላይ ማን ያኮርፋል?

እሺ፣ ለካሴቱ አታንብብ። ለእኔም አታንብብ። ለራስህ አንብባት፣ ግን ድምፅህን አውጥተህ። ቃል ላይ ስትያዝ አትሽሽ። እዚያው ቁምና ዙሪያህን እይ። ከዚህ ሌላ የምልህ የለም።

ድምፄ እየሳሳ ነው። ትናንት ምዕራፉን የጨረስኩት በሹክሹክታ ነው። ሰዎቹ ትንፋሻቸውን ይዘው ሰሙኝ። ሹፌሩ ብቻ ከግድግዳው በኩል ‹ኧረ አይሰማም!› ብሎ ጮኸ። ለካ እስከ ዛሬ ሲሰማ ነበር!

አክስትህ

ጥር 20

ለእትዬ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለመርፌሽ፣ ሰላም ለዚያ ክፍል ሰዎች ሁሉ፣ ለሹፌሩም ጭምር።

ከየት ልጀምርልሽ? በእኛ መጋዘን የፍራሹ ክምር ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው። በሁለቱ ክምር መካከል አንድ ሰው በጎኑ የሚያስገባ ክፍተት አለ። እዚያ ገብተሽ ብትጮኺ እንኳ ድምፅሽን ፍራሹ ውጦ ያስቀረዋል። መጽሐፉን ከሻንጣ አውጥቼ በምሳ ሰዓት እዚያ ገባሁ። ፎርማኑ ተኝቼ የምውል መስሎት አጮለቀብኝ፤ መጽሐፉን ሲያይ ይብስ ግራ ገባው።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት መስመር አንብቤ ላብ በላብ ሆንኩ። ተናድጄ ወጣሁ። በማግስቱ ተመለስኩ፣ እልህ ነው እንጂ እምነት አልነበረም። ከዚያ ያልሽኝን አደረግሁ። ‹ጣሪያ› ልል ‹ጣ› ላይ ስያዝ አልሸሸሁም፤ ቆምኩ። ቆሜ ጣሪያውን አየሁት። ስንት ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ግን ጣሪያው ቃል ብቻ ነበር። አሁን አፈሩ ሲረግፍ፣ ከታች ያሉት ፀጉራቸውን ሲያራግፉ፣ የቤቱ ባለቤት ‹ኧረ ቤቴን!› ሲል ሁሉ ታየኝ። በቀዳዳው ብርሃን ሲገባ ታየኝ። ሌላው ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያልፈውን ቃል እኔ ደጁ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ደጅ የቆመ ሰው ደግሞ፣ በሩ ገርበብ ሲል፣ ውስጡን ያያል።

አሁን ያገኘሁትን ልንገርሽ፣ መጽሐፍሽን ክፈችና አመሳክሪ። ሰውየው አይናገርም! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያ ሽባ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አልለመነም፣ አልጮኸም፣ ‹አምናለሁ› እንኳ አላለም። አራት ሰዎች ተሸከሙት፣ ጣሪያውን ቀደዱለት፣ ጌታም የእነሱን እምነት አይቶ ተናገረው። እትዬ፣ ይህን ሳይ መጽሐፉ ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አፍ የሌለው ሰው እዚያ ቤት ቦታ የለውም ብዬ ነበር የኖርኩት። ለካ መሀል ቤቱ ላይ፣ ጌታ እግር ሥር፣ በአልጋው ተጋድሞ ኖሯል። ፍራሹ መካከል ተንበረከክሁ። ፈራሁ። ደስ ብሎኝ ነው የፈራሁት፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት በዓለም መኖሩን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምሳዬን እየሮጥኩ በልቼ እገባለሁ። ማኩረፌን መቼ እንደተውኩት አላውቅም፤ ስፈልገው አጣሁት።

ካሴቱንም ልኬልሻለሁ። ብልሃት ሠርቻለሁ፣ እንዳትስቂ። ሁለት ካሴት ነው የቀዳሁት። አንደኛው ለልምምድ ነው፤ እንደመጣልኝ አነበብኩበት፣ የጦር ሜዳ በይው። ሁለተኛው ላይ ግን በተያዝኩ ቁጥር ቴፑን አቆማለሁ፣ እመልሳለሁ፣ አጥርቼ እቀዳለሁ። ስትሰሚው ‹ይሄ የማን ልጅ ነው?› ትያለሽ። እንዳይምታቱብኝ ክር አስሬባቸዋለሁ። ለአንቺ ቀይ ክር ያለበትን ፖስታ ቤት ወስጄ አስገባሁ። ቀይ ያለቀለት ነው፣ እንዳሳደግሽኝ።

እግዜር የሐኪሙን እጅ ይያዝልኝ።

የወንድምሽ ልጅ

ጥር 22

እትዬ፣ እግዜር ይሄን ደብዳቤ ከካሴቱ በፊት ያድርስልኝ!

ካሴቱን እንዳትከፍቺው። ተሳሳትኩ። ዛሬ ደስ ብሎኝ ለራሴ ልሰማ ልምምዱን ብከፍት፣ ጥርት ያለው ንባብ ከእኔ ዘንድ ቀርቷል፣ ነጭ ክር ታስሮበት! እጄ እኮ የፋብሪካውን ሕግ ይዛ፣ ሳላዛት፣ ቀዩን ከእንከናሙ ላይ አስራዋለች። ፖስታ ቤት ስደርስ ደግሞ ልቤ ከአንቺ ጠረጴዛ ሥር ነበር፣ ‹ቀይ ያለቀለት ነው› ብዬ እሱኑ ላክሁት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይሄ ነው፤ እኔ ግን የምለቅምበትም አላገኘሁ።

‹ተነሣ› የምትለው ቦታ ላይ የተያዝኩትን ብትሰሚ ካሴቱን ቴፑ የበላው ይመስልሻል። ሹፌሩ ሲስቅ ይታየኛል። አዳራሹ ሙሉ ሲስቅ ይታየኛል። በጌታ ይዤሻለሁ፣ አታሰሚያቸው። ነጩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

መጋቢት 8

ለእትዬ፣

ይህች ወረቀት በሕይወት ታግኝሽ። ሌላ ምርቃት አልመጣልኝም።

የካቲት አለፈ። መልስ የለም። ፖስታ የሚያድለው ሰውዬ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፣ እንዳልጠይቀው ብሎ ነው። ካሴቱን ተይው። ይሳቁ፣ እስኪበቃቸው ይሳቁብኝ። አንቺ ብቻ ኑሪልኝ።

በየምሳ ሰዓቱ አሁንም እገባለሁ። አሁን ግን ያችን ምዕራፍ ሳነብ አልጋው ላይ የተኛሽው አንቺ ነሽ። አንዱን ጫፍ ይዣለሁ። ሦስቱን ጫፍ ማን እንደያዘ አላውቅም፣ ግን አልከበደኝም።

መጋቢት 29

ለልጄ፣

አለሁ። በቸርነቱ አለሁ። ምርቃትህ ደርሳለች።

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ እጄ ገብተዋል። ቁስሌ አመርቅዞ፣ ትኩሳቱ አንቀጥቅጦኝ፣ እጄ ብዕር መያዝ ተስኖት ነው የዘገየሁት፤ ስላስጨነቅሁህ ይቅር በለኝ። ድምፄ ሄዷል። የምተነፍሰው አንገቴ ላይ በተተወልኝ ቀዳዳ ነው። የነቃሁ ዕለት ‹ጌታ ሆይ› ልል አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ያን ቀን እኔም እንዳንተ አኮረፍኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

አሁን ስለ ካሴቱ። ደርሶኝ የነበረው ቀዶ ሕክምና ልገባ ስል ነው። ቀይ ክር ሳይ ምኑን እመረምራለሁ? ያለቀለት ነው ብዬ ለሲስተር ሰጠኋትና ‹እኔ ሳልኖር እንዳትከፍቱት› አልኳት። የመጨረሻ ቃሌ እሷ መሆኗ ነው፣ ትእዛዝ! ‹አታሰሚያቸው› ያልክበት ደብዳቤ የመጣው እኔ ተኝቼ ሳለሁ ነው፤ አንሶላ ክፍል ጠረጴዛዬ ላይ እንደታሸገ ቆየኝ።

ትንሽ ስጠና በተሽከርካሪ ወንበር ገፍተው አጥንት ክፍል አስገቡኝ። ሲስተር ቴፑን መስኮቱ ላይ አድርጋ ከፈተችው። የልጄ ድምፅ መጣ። ትሄዳለህ፣ ትያዛለህ። ትሄዳለህ፣ ትያዛለህ። አንዱ ‹ካሴቱ ተበላሽቷል› አለ። አንድ ጣሪያ ሠሪ አለ፣ ከጣሪያ ወድቆ ዳሌው የተሰበረ፤ እሱ ‹ዝም በል፣ ሰውየው እየታገለ ነው› አለው። ‹ጣ… ጣ…› ስትል ያው ጣሪያ ሠሪ ሳያስበው ‹ጣሪያ!› ብሎ ወረወረልህ። ሥራው አይደል! ሳቁ፣ ግን በእሱ ነው የሳቁት። ቀጥሎ ስትያዝ ሌላ አልጋ ያቀብልሃል፣ ደግሞ ሌላ አልጋ። ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሳነብላቸው አንዲት ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። ጥርት አድርጌ ነበራ የማነበው! የሚገቡበት ቀዳዳ አልተውኩላቸውም።

ከዚያ እዚያ ቦታ ደረስክ። ‹ተ… ተ… ተ…›።

ክፍሉ ጭጭ አለ። ሁሉም ቃሏን ያውቋታል። ግን እግራቸው የተሰቀለ ሰዎች ናቸው፣ ያችን ቃል ማን ይድፈራት? እኔም ሳነብ ሆዳቸው እንዳይባባ ፈጠን ብዬ ነበር የማልፋት። አንተ ግን አላለፍካትም። ‹ተ… ተ…›። ቴፑ ይዞራል። ሲስተር ልታጠፋው እጇን ዘረጋች። ያን ጊዜ ከግድግዳው በኩል፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ሹፌሩ ‹ተነሣ!› ብሎ ጮኸ። ‹በለው እንጂ! ተነሣ!› ጣሪያ ሠሪው ተከተለው፣ ከዚያ ሁሉም፣ በአንድ አፍ፣ ‹ተነሣ!› አሉ። ክብደቶቹ በገመዱ ጫፍ ላይ ተወዛወዙ። አንተም በካሴቱ ውስጥ፣ የሰማሃቸው ይመስል፣ ‹ተነሣ› ብለህ ወጣህ።

ማንም ከአልጋው አልተነሣም፣ አልዋሽህም። እግራቸው ዛሬም እንደተሰቀለ ነው። ግን እዚያ ክፍል አንድ ነገር ገባ። በምን ቃል ልንገርህ? ሲስተር በሩን ተደግፋ ቀረች። ሹፌሩ ፊቱን ወደ እኛ መለሰ፤ እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል፣ በጀርባው የተኛ ሰው እንባውን መደበቂያ የለውም። እኔ ነጠላ ጫማዬን ላወልቅ እግሬን አነሣሁ። የቆምንበት መሬት ያው የሆስፒታል ወለል መሆኑ ጠፋኝ።

ነጭ ክር ያለበትንም ኋላ ከጠረጴዛዬ ላይ ከደብዳቤህ ጋር አገኘሁት፣ አሰማናቸው። እውነትም የማን ልጅ ነው ያሰኛል። ግማሽ ሳይደርስ ሹፌሩ ‹ይሄ ደግሞ ማነው? የኛን ሰውዬ አምጡልን!› አለ። መልሼልሃለሁ። በእኛ ቤት ቀይ ክር ያለቀለት ማለት ነው። እጅህ አልተሳሳተችም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ለሲስተርም አልነገርኳት። ካሴቱን በየቀኑ ያስከፍቱናል። ‹ተነሣ› ሲሉ እኔም ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። ክፍሉ ሙሉ ሲጮህ የማን ድምፅ እንደጎደለ ማን ይለየዋል? እኔ ራሴ አልለየሁትም። ለአፍታ የራሴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፣ ያን የድሮውን፣ ብናኝ ያልገባበትን።

የሚቀጥለውን ምዕራፍ ላክልን። እንዳታጠራው።

አክስትህ

ሚያዝያ 21

ለእትዬ፣ አንደበቴን ላገኘሁብሽ፣

ያን ክፍል የጎበኘ ጌታ ይክበር፣ ያመረቀዘውም ይድረቅልሽ።

ደብዳቤሽን ፍራሾቹ መካከል ገብቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ እያለቀስኩ። ፎርማኑ መጣና ‹ጭምቱ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?› አለኝ። ‹ከአ… ከአ…› አልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጄን አወዛውዤ እሸሽ ነበር። አልሸሸሁም። እሱም ቆሞ ጠበቀኝ። ለካ ሰው ይጠብቃል! ‹ከአክስቴ ጋር› አልኩት በመጨረሻ። ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ‹በል ቀጥል› አለኝ። ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት ሁለት ሆነናል።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ይኸውልሽ፣ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። መጀመሪያው ላይ ያ እጁ የሰለለችበት ሰው አለ። እንደመጣልኝ ነው ያነበብኩት፣ ለጣሪያ ሠሪውም ለሌሎቹም የሚበቃ ቀዳዳ አለበት።

አንድ ቦታ ግን ለሹፌሩ ንገሪልኝ። ጌታ ሰውየውን ‹እጅህን› ብሎ፣ ምን አድርግ እንደሚለው ልናገር ስል፣ ረጅም ዝምታ አለ። ካሴቱ አልተበላሸም። እኔም አልተያዝኩም። ቃሏ አፌ ላይ ደርሳ ነበር፣ እኔ ነኝ የተውኳት። እዚያ ቦታ ላይ ሹፌሩም ጣሪያ ሠሪውም ዝም ይበሉ፣ ክፍሉ ሁሉ ዝም ብሎ አንቺን ይጠብቅ። እሷ ያንቺ ናት።